የአደን አየርና የፍሬም እንጨት

አናጢው የስዕሉን ፍሬም ቆርጦ ከገጠመ በኋላ የሚቀረውን ሥራ፣ ማለስለሱንና መቀባቱን፣ ብዙ ሰው እንደ ማስዋቢያ ብቻ ያየዋል። በየመኗ የወደብ ከተማ በአደን ይህ አያዋጣም። ከተማዋ ሞቃትና ርጥበታም ናት፤ የባሕሩም ንፋስ ጨው ያመጣል። እንጨት ርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቶሎ የሚላቀቀውም በ45 ዲግሪ የተገጠመው ማዕዘን ነው። ስለዚህ የቅቡ ዋና ሥራ እንጨቱን ከአየሩ መከላከል ነው።

ቅቡ እንደ እንጨቱ ይለያያል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 የያዟት አደን እስከ 1937 ድረስ የምትተዳደረው በብሪታንያ ሕንድ ሥር ነበር፤ የሕንድ ቲክም በባሕር ይመጣላት ነበር። ቲክ የራሱ ቅባት ስላለው ጨውና ውሃ ይችላል፤ ይኸው ቅባት ግን ሙጫና ቫርኒሽ እንዳይይዝ ያደርጋል። ከመቀባቱ በፊት በአልኮል መወልወል አለበት። እኛ የምናውቀው ዋንዛ ደግሞ በየመን ደጋዎችም ይበቅላል። ለመሮ የተመቸ ነው፤ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ግን መጀመሪያ መሞላት ይፈልጋል።

ከእጅ ቅቦች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ጎማላካን ነው። በሕንድ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ይዘጋጃል፤ በአልኮል ይሟሟል። ጥጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይነከርና እንጨቱ በስሱ ደጋግሞ ይታሻል። ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ እጅ ይዞራል፤ ፍሬም ላይ ግን ጨርቁ የቅርጹን ጎድጓዳና እብጠት ተከትሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያቆም መሄድ አለበት። መሐል ላይ ከቆመ ይጣበቃል፣ የተሠራውንም ይነቅላል። በርጥበት ቀን ሌላ ፈተና አለ፦ አልኮሉ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ ውሃ ያርፍበታል፣ ቅቡም ይነጣል። መድኃኒቱ ደረቅ ሰዓት መጠበቅ ነው።

የወርቅ ቅጠል ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ የተለወሰ ኖራ መሰል ነጭ ዱቄት ብዙ ጊዜ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በላዩ ቀይ ሸክላ፣ ከዚያ ወርቁ ይነጠፋል። በመጨረሻ በለሰለሰ ድንጋይ ይፈተጋል። ሙጫው ርጥበት ስለሚስብ ለባሕር ዳር ቤት አልመርጠውም።

ወደሚላቀቀው ማዕዘን ስንመለስ፣ የእኛ የኢትዮጵያ የጥንት ሥዕል ሠሪዎች፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የሠራውን ፍሬ ጽዮንን ጨምሮ፣ ጄሶና ሙጫ በተቀባ ሳንቃ ላይ ይሥሉ ነበር። በብዙዎቹ ሥዕሎች ክፈፉ ከሳንቃው ጋር አንድ ሆኖ የተፈለፈለ ነው፤ የሚላቀቅ ማዕዘን የለውም። ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም።

ዛሬ ርካሽ የፕላስቲክ ክፈፍ ገበያውን ይዟል። የእንጨት ፍሬም የምታሠሩ ግን አናጢውን ጀርባውንም እንዲቀባው ጠይቁት። ፊቱ ብቻ የተቀባ እንጨት በጀርባው ርጥበት ስቦ ይጣመማል።