ስለ ራሱ መናገር ለማይችል በሽተኛ አቤት ማለት

የሀገራችን ሰው ስለ መናገርና ስለ ዝምታ ሁለት ተረት አለው። አንዱ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። እኛ በችሎት ጸሐፊነት ብዙ አቤቱታ በእጃችን ስላለፈ የሁለተኛውን ተረት እውነትነት ዘወትር እንመለከታለን። ነገር ግን በሐኪም ቤት ተኝቶ፣ የደረሰበትን ነገር ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚዘነጋ ሽማግሌ እንዴት አድርጎ አቤት ይላል? ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ልንገልጸው ያሰብነው ስለዚህ ነገር ነው።

በእርጅና ዘመን ሰው ሲዘነጋ «ጃጀ» እንላለን፤ የዕድሜ ነገር ነው ብለንም እንተወዋለን። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በ1906 እ.ኤ.አ. የአንዲት በሽተኛን አንጎል መርምሮ ያየውን ካስታወቀ ወዲህ ግን፣ የመርሳት ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ እየታወቀ ሄዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ነበሩ። በእኛም ከተማ፣ በዚያው በአዲስ ከተማ ውስጥ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል።

አስታማሚ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የሚመጣ መቃዠት ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ ይኸውም የሽንት ወይም የሳምባ ቁስለት፣ የውሃ ጥማት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ መድኃኒት ወይም ሊናገሩት ያልቻሉት ሥቃይ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ በሕክምና የሚመለስ ስለ ሆነ «ጃጅተዋል፣ ምን ይደረጋል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ከዘመዶቻችን አንዲት አክስታችን በራጉኤል ሰፈር የሚኖሩ፣ በመርካቶ ብዙ ዘመን በርበሬና ቅመም የነገዱ ናቸው። መርሳት ከጀመሩ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ወድቀው ወገባቸውን በታመሙ ጊዜ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ገቡ። ዘበኛው ልጃቸውን ከጥየቃ ሰዓት በቀር አላስገባም አለ። ምግቡ ከፊታቸው ይቀመጥና ሳይነካ ይነሣ ነበር፤ የሚያጎርሳቸው አልነበረምና። የጉሉኮሱን ቱቦ ስለ ነቀሉ እጃቸው በፋሻ ከአልጋው ጋር ታሰረ። በሦስተኛው ቀን የገዛ ልጃቸውን ማወቅ ተሳናቸው። ልጅቱ ብትጠይቅ የተሰጣት መልስ «የዕድሜ ነገር ነው» የሚል ነበር።

በዚያን ጊዜ ዘመድና ጎረቤት፣ ከራጉኤል ደጅም ከአንዋር መስጊድ በኩልም ያለው፣ ተሰብስቦ መከረ። ከፊሉ «ብንከስ በእሳቸው ላይ ይብስባቸዋል» አለ። ይህ ፍርሀት ከንቱ አይደለም፤ በሽተኛው በእጃቸው ነውና። ልጅቱ ግን ስድብም ዛቻም የሌለበት አንድ ገጽ ጽፋ ለክፍሉ ነርሶች አለቃ ሰጠች። የጻፈችውም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በዐይኗ ያየችውንና የምትለምነውን ብቻ ነበር፤ ሐኪም እንደ ገና እንዲመረምራቸው፣ እጃቸው እንዲፈታ፣ እሷም ከአጠገባቸው እንድትሆን። በማግሥቱ ሽንታቸው ተመርምሮ ቁስለት ተገኘ፤ መድኃኒትና ውሃ ተሰጣቸው፤ ልጅቱም ገባች። በሳምንቱ ስሟን ጠሯት። መርሳቱ ዛሬም አብሯቸው አለ፤ እጃቸው ስለ ምን እንደ ታሰረም እስካሁን የጽሑፍ መልስ አልመጣም።

እንዲህ ያለው ነገር በሀብታም ሀገርም ይደርሳል። በእንግሊዝ ሀገር ዶክተር ጆን ጄራርድ የተባሉ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰው በ2014 እ.ኤ.አ. እግራቸው ቆስሎ ሐኪም ቤት ገቡ። በዚያ በተነሣ ተላላፊ በሽታ ምክንያት የጠያቂ መግባት በብርቱ ስለ ተወሰነ አምስት ሳምንት ያህል ያለ ዘመድ ቆዩ፤ ሲወጡ መራመድም ራሳቸውን መርዳትም አቅቷቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ዐረፉ። ልጃቸው ደራሲዋ ኒኪ ጄራርድ ከጁሊያ ጆንስ ጋር ሆና፣ አስታማሚ ከእንዲህ ያለ በሽተኛ አይለይ የሚል ዘመቻ በአባቷ ስም አስነሣች። እነሱ በዘመቻ የፈለጉት አስታማሚነት በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ስለዚህ በር ላይ እንዳይቀር መጠበቅ ይገባናል።

አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው በቅድሚያ ለክፍሉ ነርሶች አለቃና ለሐኪሙ፣ ቀጥሎ ለሐኪም ቤቱ ቅሬታ ሰሚና ለአስተዳደሩ ያቅርብ፤ ከጻፈውም አንድ ቅጂ ይያዝ። በመንግሥት ሐኪም ቤት መልስ ካጣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ አለ፤ አዋጁም የትዳር ጓደኛና ቤተ ሰብ በተበዳዩ ፈንታ እንዲያመለክቱ ፈቅዷል። ጉዳት የደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2651፣ ሐኪም ቤት በሐኪሞቹና በረዳቶቻቸው ጥፋት ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይናገራል። ከዚህም ሁሉ በፊት በሽተኛው ሲገባ በምን ስም መጠራት እንደሚወድ፣ ምን እንደሚበላ፣ ሲያመው ምን ምልክት እንደሚያሳይ በአንድ ወረቀት ጽፎ ለነርሶቹ መስጠት ብዙ ክርክር ያስቀራል። አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ እንደምትጠብቅ ማሰብና ደግ የሠራችውንም ማመስገን ይገባል።

በሹመት ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለው ወረቀት ከጠረጴዛችሁ በደረሰ ጊዜ «በሽተኛው ራሱ አልከሰሰም» ብላችሁ አትመልሱት። አመልካቹ የመጣው በሽተኛው መክሰስ ስላልቻለ ነውና፣ ቀኑ ሳያልፍ መርምራችሁ በጽሑፍ መልሱለት።