ሳይጠሩት የሚገባ ግስ

በአምቦም ሆነ በጉደር፥ በጊንጪም ሆነ በጌዶ የሚማር ተማሪ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ኢንትሩድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ቢፈልግ «ጣልቃ ገባ» የሚል ፍች ያገኛል፤ ደስ ብሎትም መጽሐፉን ይዘጋል። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ፍች ብቻ የሄደ ሰው ሩቅ አይደርስም። ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ የገባ ሽማግሌም «ጣልቃ ገባ» ይባላልና። እርሱን «ኢንትሩድ አደረገ» ያለ ተማሪ ግን ሳያውቀው ሽማግሌውን ሰደበ ማለት ነው።

የግሱ ሥር ላቲን ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ «ገፍቶ አስገባ» ማለት ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን ትርጉም እስከ ዛሬ አልለቀቁትም፤ ከምድር ውስጥ የቀለጠ ዐለት ተነሥቶ በሌላው ዐለት መካከል ተገፍቶ ሲገባ «ኢንትሩዥን» ይሉታል። ከአምቦ በስተ ደቡብ ያለውን የወንጪን ሐይቅ ያየ ሰው፥ ያን ጎድጓዳ የሠራው እሳተ ገሞራ ነውና፥ የዚህ ግፊያ ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት አይቸገርም።

በሰው ዘንድ ግን ግፊያው የክንድ አይደለም። በሩ ወለል ብሎ ሊከፈት፥ የገባውም ሰው የልብ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ካልፈለገው ግን እንግሊዞች «ኢንትሩድ አደረገ» ይሉታል። እንግዲህ የቃሉ ቁም ነገር ያለው በበሩ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ፈቃድ ላይ ነው።

አማርኛችንም በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ሳይጣራ የገባው «ዘው አለ» ይባላል፤ በሰው ጨዋታ መካከል የገባው «ጥልቅ አለ»፤ ተሸሽጎ የገባው «ሰርጎ ገባ»፤ ሌባው «ሰብሮ ገባ»፤ ጦር ደግሞ «ወረረ»። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ያደረገው ወረራ ነው፤ እንግሊዝኛውም «ኢንቬድ» ነው። ያንን «ኢንትሩድ» ማለት በደሉን ማሳነስ ይሆናል። ለግሳችን ይልቁን የሚቀርቡት «ዘው አለ» እና «ጥልቅ አለ» ናቸው።

ሁለተኛው ችግር የሰዋስው ነው። እኛ «አገሩን ወረረ»፥ «ቤቱን ደፈረ» ስለምንል፥ ተማሪው በዚያው ልማድ ቤቱን ከ«ኢንትሩድ» ጋር አጣብቆ ይጽፋል። ይህ አይሆንም። «ኢንቬድ» አገሩን በቀጥታ ይይዛል፤ «ኢንትሩድ» ግን ከቤቱ በፊት «ኦን»፥ «አፖን» ወይም «ኢንቱ» የሚል መስተዋድድ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልማድ ልዩነት ነው። እንግሊዛዊው በምሳ ሰዓት ሰው ቤት ድንገት የደረሰ እንደ ሆነ «ኢንትሩድ እንዳላደረግሁ ተስፋ አለኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። እኛ ግን ማዕድ ላይ የደረሰውን «አማትህ ትወድሃለች» ብለን ውሃ እናስታጥበዋለን። በእንግሊዝኛ «በሰው ሐዘን ላይ ኢንትሩድ ማድረግ» የተለመደ አነጋገር ነው፤ ሐዘንተኛውን ለብቻው መተውም እንደ ጨዋነት ይቈጠራል። በእኛ አገር ግን የሚወቀሰው ለቅሶ የቀረው እንጂ ለቅሶ የደረሰው አይደለም። ስለዚህ ይህን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል የተረጐመ ተማሪ፥ ለቅሶ መድረስ ነውር ነው ብሎ ጻፈ ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን የእኛ ደጅ ወሰን የለውም ማለታችን አይደለም። ጨዋ እንግዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ «ይግቡ» እስኪባልም ይጠብቃል። ሕጋችንም ከዚሁ ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 13፥ ሕግ ከፈቀደው በቀር ማንም ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ መኖሪያ ቤቱ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የሰውን ቤትና የግል ሕይወት ያስከብራል።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ ይህን ግስ ከመጻፍህ በፊት «ባለቤቱ ፈቅዷልን?» ብለህ ጠይቅ። ፈቅዶ ከሆነ ሌላ ቃል ፈልግ። አልፈቀደም ከሆነ ግን ቃሉ ቦታው ነውና መስተዋድዱን ሳትረሳ ጻፈው። ትርጉሙ የጠፋብህም እንደ ሆነ «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን የአባቶች ተረት አስብ፤ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ እርሱ ያስታውስሃል።