ሁለት ዓመት በአንድ ከተማ፣ ፊት ሳይተያዩ

2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 14ን እንመልከት። አቤሴሎም ወንድሙን አስገድሎ ከሸሸበት ሲመለስ ዳዊት ወደ ከተማ አስገባው፤ ፊቱን እንዳያይ ግን ከለከለው። ቁጥር 28 ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በኢየሩሳሌም ተቀምጦ የንጉሡን ፊት እንዳላየ እናነባለን። አባት አለ፣ ፊት ግን የለም!

አቤሴሎም ጎልማሳ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን የእኛን ቤት ተመልከቱ። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ አባት ማታ ሲመለስ ልጁ ተኝቷል። ቃሊቲ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የምትገባ እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እሷ ትወጣለች። ለእንጀራ ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን እሁድ ስንገናኝ የምንጠይቀው "ስንተኛ ወጣህ?" ብቻ ከሆነ ልጁ ፊታችንን መቼ አየ?

እኔም አላመለጥኩም። የ15 ዓመት ልጄ አንድ ቀን "አባዬ፣ እኔ እኮ ድምፅህን በደንብ የምሰማው በሬዲዮ ነው" አለችኝ። ምን ልበላችሁ፣ መልስ አጣሁ።

አቤሴሎም ኢዮአብን ሁለት ጊዜ አስጠራው፤ አልመጣም። የገብስ እርሻውን ሲያስቃጥልበት ግን ወዲያው መጣ። የእኛም ልጆች ገብስ ያቃጥላሉ። አንዱ ትምህርት ይጠላል፣ ሌላው ጫት ቤት ይገባል፣ አንዷ በሯን ዘግታ አልበላም ትላለች። እኛ እሳቱን አይተን እንቆጣለን፤ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደጠሩን አንጠይቅም። ዳዊት በመጨረሻ ልጁን ሳመው፤ ሲነጋገሩ ግን አልተጻፈም። በምዕራፍ 15 አቤሴሎም በር ላይ ቆሞ የሰውን አቤቱታ ይሰማል፤ ያንኑ እሱ ያጣውን!

ማርያምን እዩ። የ12 ዓመት ልጇን ከሦስት ቀን በኋላ ስታገኘው ጠየቀችው፣ መልሱንም ሰማች። አልገባትም፤ ግን ነገሩን በልቧ ያዘችው። ሁሉ ነገር እንዲገባን አይጠበቅብንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይናገራል። የሰንበት ትምህርት ክፍላችንን በዚህ ቁጥር አስሉት። ስለዚህ ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ ወይም ስለ ሞት ካወራ "ሰይጣን ነው" ብላችሁ አትተዉት። እንጸልያለን፣ እጅ እንጭናለን፤ በዚያው ቀን ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ካስፈለገም አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ራሳችሁ ውሰዱት እንጂ በጎረቤት አትላኩት።

እኔና ልጄ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ቤት ትቼ አብረን ገበያ እንወጣለን። የመጀመሪያ ቀን ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው ያወራነው። በአራተኛው ሳምንት፣ ዘንቢሉን እንደያዘች፣ ማታ ማታ ለምን እንደምታለቅስ ነገረችኝ።