ባት፦ ሲይዘን ብቻ የምናስታውሰው ጡንቻ

እሑድ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን አስፋልት ተመልከቱ። ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ቅዳሴ ይወጣሉ፤ ቱታ የለበሱት ደግሞ መሀሉን ይዘው ያለከልካሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እነዚያው ሯጮች ቁልቁለቱን ተንደርድረው ሲመለሱ ታገኟቸዋላችሁ። ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ቀጥ ይላል። አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ዘጭ ይላል። ባቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ሲይዘው ከቆዳው ሥር ድንጋይ የሚያህል ጉብታ ይርገበገባል። ይሄኔ በአጠገቡ የሚያልፍ ሁሉ ሐኪም ነው። «ጨው አንሶህ ነው!»

እኔ ጉለሌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። በዚህ ዳገት ላይ ሃያ ዓመት ሮጫለሁ፤ አንድም ቀን ማንንም ቀድሜ አላውቅም። በዚህ «ጨው አንሶህ ነው» በሚል ፍርድ ላይ ይግባኝ ለማለት ግን ብቁ ነኝ፤ ባቴን ያልያዘኝ የእንጦጦ መታጠፊያ የለምና። አስቀድሜ ባለጉዳዩን ላስተዋውቅ።

ባት አንድ ጡንቻ ይመስላል እንጂ በዋናነት ሁለት ነው። ቁምጣ ስንለብስ ጎልቶ የሚታየው ላይኛው ጋስትሮክኒሚየስ ይባላል፤ ከሥሩ የተነጠፈው ጠፍጣፋው ሶሊየስ ነው። ሁለቱም ታች ተገናኝተው በተረከዝ ጅማት ከተረከዝ አጥንት ጋር ይታሰራሉ። ትምህርቱ ይኸው ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ንቀቱ ነው። ስለ ሯጭ እግር ሲወራ የሚወደሰው ታፋ ነው። ጂም የሚገባው ወጣት ደረቱንና ክንዱን ሲያሳብጥ ይከርማል፤ ባቱን እንደ ቄጠማ ትቶት ይወጣል። የጉልበት ሥራውን የሚሠራው ግን ይኸው የተናቀው ነው። በሩጫ ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ የተረከዝ ጅማት የሚሸከመው ኃይል ከሰውነታችን ክብደት ስድስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በደቂቃ 170 እርምጃ የሚረግጥ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱን ባቱን ከ5,000 ጊዜ በላይ ያዘዋል። በዚያ ላይ ባት በተኮማተረ ቁጥር ወደ እግር የወረደውን ደም ጨምቆ ወደ ላይ ይመልሳል፤ «ሁለተኛው ልብ» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ወደ ጨው እንመለስ። ነገሩ የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችና በመርከብ ምድጃ ላይ በሚሠሩ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ፣ በ1930ዎቹ ደግሞ አሜሪካ የሁቨር ግድብ ሲሠራ፣ ላባቸው እንደ ጅረት የሚወርድ ሠራተኞች ባዶ ውሃ እየጠጡ ጡንቻቸው ሲሸማቀቅ ታየ፤ ጨው ሲሰጣቸው ተሻላቸው። ሐኪሞቹ ያዩትን ነው የጻፉት። ስህተቱ የተከታዮቹ ነው፤ ምድጃ ፊት ለሚውል ሰው የታዘዘውን መድኃኒት አንሥተን በንጋት ውርጭ ለሚሮጥ የእንጦጦ ሯጭ ሰጠነው።

እስቲ አስቡት። ደም ሁሉም ጡንቻ ጋ ይደርሳል። ከደም ውስጥ ጨው ጎድሎ ከሆነ መንጋጋችንስ ለምን አይያዝም? ትከሻችንስ? የሚያዘው ሲሠራ የዋለው ያው ባት ነው፤ ብዙ ጊዜም አንደኛው ብቻ። ደግሞስ ጣታችንን ወደ ላይ ስንስበው ለምን ይለቀናል? በዚያች ግማሽ ደቂቃ ሰውነታችን አንዲት ቅንጣት ጨው አላገኘም። ጨው አጥቶ የታመመ ጡንቻ በመለጠጥ ዳነ ማለት ነዳጅ ያለቀበት መኪና ጎማው ሲነፋ ተነሣ እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ማርቲን ሽዌልነስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የነገሩ ሥር የጡንቻ ድካምና የነርቭ ቁጥጥር መዛባት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቆይተውም 56 ኪሎ ሜትር የሮጡ ሰዎችን ደም መረመሩ። ጡንቻቸው የተሸማቀቀባቸውን ካልተሸማቀቀባቸው ጋር ሲያነጻጽሩ በጨውም ሆነ በውሃ መጠን ቁም ነገር የሚባል ልዩነት አላገኙም። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ የሚያጣምረውን የአይረንማን ውድድር 210 ተወዳዳሪዎች ሲከታተሉ ደግሞ፣ ማን እንደሚያዝ የጠቆሟቸው ፈጥኖ መሄድና ከዚህ ቀደም ተይዞ ማወቅ ነበሩ።

ጨው ጨርሶ አይመለከተንም አልልም። ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ኳስ ተጫውቶ ማሊያው ላይ ነጭ የጨው ካርታ የሚሥል ሰው ሊመለከተው ይችላል። ጋቢ በሚያስደርብ ብርድ አርባ ደቂቃ የሮጠ፣ ትናንት ማታ ሽሮውን በልቶ ያደረ ሰው ግን አሞሌ ይላስ? በሃይላንድ ጨው በጥብጣችሁ ይዛችሁ የምትወጡ ልጆች፣ አይቻችኋለሁ። ከባታችሁ በፊት የሚሸማቀቀው ሆዳችሁ ነው። በሌላ በኩል «ውሃ ጠጣ፣ ጠጣ» እያሉ መጋትም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ የደማቸው ሶዲየም ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋነኛው ምክንያትም ውሃ ማብዛት ነበር። ሙዝም ቢሆን እወደዋለሁ፤ ግን የተበላው ሙዝ ደም ውስጥ ፖታሲየምን ጥቂት ከፍ ለማድረግ እንኳ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እስከዚያ የተያዘው ሰው ቤቱ ገብቶ ቡና ይጠጣል።

ታዲያ ምንድን ነው የሚይዘን? ለዚህ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ይበቃናል። በጡንቻው ሆድ ውስጥ መለጠጥን የሚሰሙ ቀጫጭን ጠቋሚዎች አሉ። እነሱ ወደ ህብለ ሰረሰር «ሳበው! ሳበው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ጡንቻው ከጅማት ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ በጣሊያናዊው ሳይንቲስት በጎልጂ ስም የሚጠሩ ሌሎች አሉ፤ ጅማቱ ሲወጠር «ወራጅ አለ!» ብለው ፍሬን ያስይዛሉ። ጡንቻ ሲደክም የ«ሳበው» ባዮቹ ጩኸት ይበረታል፣ የ«ወራጅ አለ» ባዮቹ ድምፅ ይሰልላል። ጡንቻው አጥሮ ባለበት ጊዜ ደግሞ ጅማቱ ስለሚላላ ጭራሽ ዝም ይላሉ። ጋስትሮክኒሚየስ ጉልበትንም ቁርጭምጭሚትንም ተሻግሮ የታሰረ በመሆኑ፣ ጉልበት ታጥፎ ጣት ወደ ታች ሲቀሰር ከሁለቱም ጫፍ ያጥራል። ዋናተኛውን ውሃ ውስጥ፣ የተኛውን ሰው ብርድ ልብስ ሥር የሚይዘውም እንዲያ ሆኖ ሳለ ነው። ዛሬ በብዙ ተመራማሪዎች ዘንድ ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ከማንበቤ በፊት መድኃኒቱን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ቁልቁል እየበረርኩ ስመለስ ከኪዳነ ምሕረት በታች ባለ አንድ መታጠፊያ ላይ ባቴን ያዘኝ። አፈር ላይ ስፈራገጥ የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከሙ እናት ከላይ ደረሱ። ሸክሙን ከመንገዱ ዳር ካለው ግንብ አስደግፈው ገመዱን ከደረታቸው አወረዱ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ባቴን፣ እማማ! ባቴን ያዘኝ!»

«ጉልበትህን አታጥፋ! ቀጥ አድርገው!»

ተረከዜን በሸካራ መዳፋቸው ያዙ። በሌላው እጃቸው የጫማዬን አፍንጫ ወደ ቅልጥሜ ገፉት። አልነቀነቁትም፣ አልደበደቡትም፤ ገፍተው ዝም ብለው ያዙት። ጉብታው ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠና እንደ ቅቤ ሟሟ። ያኔ ያልገባኝ ያ የጉልበት ቀጥ ማለት ነበር። ጉልበት ከታጠፈ ላይኛው ጡንቻ ከአንድ ጫፉ እንደላላ ስለሚቀር ጣት ቢሳብም ጅማቱ በቅጡ አይወጠርም። ባታችሁን በቡጢ የምትደልቁ፣ ይባስ ብላችሁ በመርፌ የምትወጉ፣ እባካችሁ ተዉት።

ስለ መለጠጥ ካነሣን አበበ ቢቂላን ማለፍ አይቻልም። ጥቅምት 1957 በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ከዚያ ሣሩ ላይ ተንጋሎ እግሩን ማፍታታት ጀመረ፤ ሁለተኛው የደረሰው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። የዚያን ዕለቱን ፊልም ያየ ሰው ጥንካሬውን ያደንቃል። እኔ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ባቱ ነው። የሮሙን የባዶ እግር ድሉን አይተው እነሱም በባዶ እግራቸው አስፋልት ላይ የሚወጡ ግን ያስቆጡኛል። አበበ ባዶ እግሩን ለምዶት ነው የሮጠው። በባዶ እግር ወይም በስስ ጫማ የሚሮጥ ሰው በእግሩ የፊት ክፍል ወደ ማረፍ ስለሚያዘነብል፣ ጉልበት ይሸከመው የነበረው ጫና ወደ ባት ይወርዳል። ያልለመደ ባት ደግሞ ዕዳውን በማግሥቱ ያስከፍላል።

አሁን የምወዳት ወሬ። አሜሪካኖች በኮምጣጤና በጨው የተቀመጠ የዱባ ዘመድ ኪያር አላቸው፤ አትሌቶቻቸው የሚጠጡት ውሃውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኬቪን ሚለር የተባለ ተመራማሪ የሰዎችን የእግር ጣት ጡንቻ በኤሌክትሪክ እያሸማቀቀ ሲፈትሽ፣ ያንን የኪያር ውሃ የጠጡትን ተራ ውሃ ከጠጡት 37 በመቶ ፈጥኖ ለቀቃቸው። ደማቸው ውስጥ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ገና ከሆድ ሳይወጣ ነው የሠራው። ስለዚህ የኮመጠጠው ነገር አፍና ጉሮሮ ላይ ያለውን ነርቭ ድንገት ቀስቅሶ የ«ሳበው»ን ጩኸት ያበርዳል ተብሎ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ሮድ ማኪነን ራሱ ታንኳ ሲቀዝፍ ጡንቻው ተሸማቅቆበት ኖሮ፣ በኋላ ከዝንጅብል፣ ከቀረፋና ከሚያቃጥል በርበሬ የተዘጋጀ መጠጥ ይዞ ብቅ አለ። የእናቶቻችንን ጓዳ የዘረፈ መሰለኝ። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም ይለያያል። እኔ ግን ሰናፍጭ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ባይሠራም እንባዬ ሕመሙን ያስረሳኛል።

መከላከሉ አሰልቺ ስለሆነ ሰው አይወደውም። መለጠጥ የመጣውን ይመልስ እንደሆነ እንጂ፣ ከመሮጥ በፊት ቢደረግ ያልመጣውን ለማስቀረቱ ጠንካራ ማስረጃ የለውም። አንድ መድኃኒት ቤት «ለሯጭ ነው» ብሎ የሸጠልኝን ማግኒዥየም ሁለት ወር ዋጥኩት፤ የቀለለው ኪሴ ነው። የሠራልኝ ደረጃ ነው። የእግር የፊት ክፍል ደረጃው ጠርዝ ላይ፣ ተረከዝ አየር ላይ፤ በሁለት እግር ከፍ ማለት፣ ከዚያ በአንዱ ብቻ ተረከዝን ከደረጃው በታች ቀስ አድርጎ ማውረድ። አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ግማሹን ጉልበት ቀጥ አድርጎ፣ ግማሹን ትንሽ አጥፎ፤ ሶሊየስ ይበልጥ የሚሠራው ጉልበት ሲታጠፍ ነውና። ከዚያ ደግሞ ልክን ማወቅ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ከተጀመረ ወዲህ በየኅዳሩ 10 ኪሎ ሜትሩ ላይ የማየው አንድ ዓይነት ሰው አለ፦ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ፣ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴን ሆኖ፣ ከግማሽ በኋላ ጠርዝ ይዞ ባቱን የሚያሽ። ባቱ በልምምድ ያላየውን ፍጥነት በውድድር ቀን ሲያዘው እንቢ ቢል ይፈረድበታል?

አንዳንድ ምልክት ግን አታቃልሉ። ከረጅም ጉዞ በኋላ አንድ ባት አብጦ፣ ግሎ፣ ቀልቶ ሕመሙ አልለቅ ካለ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ከኋላ የተመታችሁ ያህል ተሰምቷችሁ በጣታችሁ መቆም ካቃታችሁ ጡንቻ ወይም ጅማት ተበጥሶ ይሆናል። ሽንት እንደ ኮካኮላ ከጠቆረም ቀልድ አይደለም። በሦስቱም ሰናፍጩን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ያን ዕለት ተነሥቼ አቧራዬን ሳራግፍ እናትዬዋ ገመዳቸውን ደረታቸው ላይ መልሰው እያጠበቁ ነበር። «እማማ፣ እርስዎንስ ይይዝዎታል?» አልኳቸው።

«ቁልቁለቱን ስንወርድማ አይዘንም፤ እኛ አንሮጥበት» አሉ። ወገባቸውን አጎንብሰው ሸክሙን ከግንቡ ሲያነሡት ባታቸው ከቀሚሳቸው በታች ተወጥሮ ታየኝ። «እኛን የሚይዘን ሌሊት ነው፤ ከተኛን በኋላ» ብለው አጫጭር እርምጃቸውን እየረገጡ ወደ ሽሮ ሜዳ ወረዱ።