ፋክስ ያለው ፕሪንተር ከመግዛት በፊት የስልክ መስመርን መለየት

ዱብቲ፦ በአፋር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። ከየት እንደመጡ፣ በመንገዳቸው ምን እንዳዩና ምን እንደሰሙ፣ ዝናቡና ግጦሹ እንዴት እንደሆነ ይጠያየቃሉ። ወሬውን የተቀበለ ሰው ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሌላው የማድረስ ኃላፊነት አለበት። ዳጉ ታማኝነቱን የጠበቀውም በዚህ ነው።

ፋክስም የሚመዘነው በዚሁ መለኪያ ነው። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ገጽ ከዱብቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ አንዲት አኃዝ እንኳ መለወጥ የለባትም። ይህ የሚሆነው ግን የስልክ መስመሩ መልእክቱን እንዳለ የሚያደርስ ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ የጥጥ አምራቾች ማኅበር የዋጋ ማቅረቢያውን እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በፋክስ እንዲልክ ተጠይቋል እንበል። ማኅበሩ ማተሚያ፣ ስካነርና ፋክስ በአንድ ላይ የያዘ ፕሪንተር ገዝቶ ከጽሕፈት ቤቱ ስልክ ጋር አገናኝቷል። ማሽኑ ደውሎ ይጮኻል፤ ገጹ ግን ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ወይም ጨርሶ አይደርስም። ሰዓቱ ያልፋል፤ ጨረታውም ያመልጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በማሽኑ ላይ ይላከካል። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ማሽኑ የተሰካበት መስመር ነው።

ፋክስ በድምፅ የሚጓዝ ጽሑፍ ነው

ፋክስ ከስልክ ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ቤይን ምስልን በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚልክበትን ስልት እ.ኤ.አ. በ1843 በስሙ ሲያስመዘግብ፣ የግራሃም ቤል የስልክ ፈጠራ ገና 33 ዓመት ይቀረው ነበር። ዛሬ በየቢሮው የሚገኙት ማሽኖች የሚግባቡበት ደንብ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ገጹን እንደ ጥልፍ ረድፍ በረድፍ አንብቦ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦችን ይለያል፤ ከዚያም ወደ ድምፅ ይለውጣቸዋል። ደዋዩ ማሽን በየጥቂት ሰከንዱ አጭር ፉጨት ያሰማል፤ ተቀባዩ ረዘም ባለና ቀጠን ባለ ፉጨት ይመልሳል። ቀጥሎ በፍጥነት ይደራደራሉ። በርካታ ማሽኖች በሰከንድ እስከ 14,400 ቢት፣ አዳዲሶቹ እስከ 33,600 ቢት መላክ ይችላሉ። መስመሩ ከተበላሸ ወደ 9,600፣ ካስፈለገም ከዚያ በታች ይወርዳሉ።

ስለዚህ ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው፤ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ቢሮው የገባው ስልክ ድምፅን ምን ያደርገዋል? መልሱ እንደ መስመሩ ዓይነት ይለያያል።

የመዳብ መስመር

ከምሰሶ ወይም ከመሬት ውስጥ በሁለት የመዳብ ሽቦዎች የሚመጣው መደበኛ ስልክ ለፋክስ ከሁሉም የተመቸ ነው። ድምፁን እንዳለ ያስተላልፋል። መስመሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ስለሆነ መብራት ሲጠፋም ተራው ስልክ ይሠራል። ፋክስ ማሽኑ ግን የራሱን ኃይል ከግድግዳ ሶኬት ስለሚወስድ መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

በማሽኑ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ተመሳሳይ የስልክ ቀዳዳዎች አሉ። ‹‹ላይን›› የሚል ጽሑፍ ያለበት ከግድግዳው የሚመጣውን ገመድ የሚቀበል ነው። ‹‹ኤክስት›› ወይም ‹‹ቴል›› የሚለው የጠረጴዛ ስልኩ የሚሰካበት ነው። ሁለቱን ማቀያየር የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ማሽኑ እምቢ ሲል መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ተራ ስልክ ሰክቶ ማድመጥ ይጠቅማል። የመደወያው ድምፅ ጥርት ብሎ ከተሰማ መስመሩ ደኅና ነው። ሲንኮሻኮሽ ወይም ሲቆራረጥ ከተሰማ የዛገ ወይም የላላ መጋጠሚያ ሊኖር ይችላል። በስልክ ሲያወሩ ጆሮ ይህን ችላ ይለዋል፤ ፋክስ ግን አያልፈውም። በዚህ ጊዜ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ብልሽቱን ማስመዝገብ ይገባል።

ኢንተርኔትም ያለበት የመዳብ መስመር

በዚሁ የመዳብ ሽቦ ላይ ኤዲኤስኤል የሚባለው ኢንተርኔት ሲጨመር ሁለት መንገደኞች በአንድ ጎዳና ይሄዳሉ። ስልኩና ፋክሱ የሚጠቀሙት ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለውን ክፍል ሲሆን ኢንተርኔቱ ከዚያ ርቆ በላይ ያለውን ይይዛል። ሁለቱን የሚለየው ስፕሊተር የተባለው ትንሽ ሳጥን ነው።

ከግድግዳ የመጣው ገመድ ወደ ስፕሊተሩ ይገባል። ከሁለቱ መውጫዎች አንዱ ለሞደሙ፣ ሌላው ለስልክ ነው። ፋክሱ መሰካት ያለበት በስልኩ በኩል ነው። በሌላ ክፍል ሁለተኛ ስልክ ካለ ለእሱም ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ፋክስ በተላከ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ ወይም ገጹ መሐል ላይ ይቀራል። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ከታዩ ጉድለቱ የስፕሊተሩ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የፋይበር መስመር

ኦፕቲካል ፋይበር መልእክት የሚያደርሰው በብርሃን ነው። ስለሆነም ስልኩ የሚሰካው ግድግዳ ላይ ባለው የቀድሞ ሶኬት ሳይሆን የፋይበሩ ክር በሚገባበት ሳጥን ላይ ነው። ስልክ በፋይበር ከገባ በኋላ አሮጌው ሶኬት የመደወያ ድምፅ ላይሰጥ ይችላል። ፋክሱን በዚያ ሰክቶ ‹‹ማሽኑ ተበላሸ›› ማለት ከዚህ የሚመጣ ነው።

በሳጥኑ ላይ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ይታያል። ሰፋ ያሉት የኮምፒውተር መረብ ገመድ የሚሰካባቸው ናቸው። ጠበብ ያለውና ‹‹ፎን››፣ ‹‹ቴል›› ወይም ‹‹ፖትስ›› የሚል ጽሑፍ ያለበት የስልኩ ነው። የፋክሱ ገመድ ከዚህ ተነሥቶ በማሽኑ ‹‹ላይን›› ቀዳዳ ይገባል። ደንበኛው የገዛው ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ ግን ቀዳዳው ቢኖርም የስልክ ቁጥር ስለማይኖረው ፋክስ አይሠራም። ስልኩን ጨምሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በፋይበር ላይ ድምፁ በጥቃቅን ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይላካል። ድምፁ ሳይጨመቅ ከተላከ፣ ወይም አቅራቢው ለፋክስ ተብሎ የወጣውን ቲ 38 የተባለ ደንብ ከተጠቀመ ገጹ በሚገባ ያልፋል። ይህ የሚስተካከለው በአብዛኛው በአቅራቢው በኩል ስለሆነ ውል ሲፈረም ‹‹በዚህ መስመር ፋክስ እልካለሁ›› ብሎ ማሳወቅ ይጠቅማል። በደንበኛው በኩል ደግሞ የማሽኑን ፍጥነት ወደ 9,600 ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል። ስሕተት ማረሚያ የሚባለውን አገልግሎት ማጥፋት ገጹ እንዲያልፍ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን የተበላሸ መስመር ሳይታረም ሊታተም ስለሚችል ዋጋና ቁጥር ለያዘ ሰነድ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል።

የፋይበሩ ሳጥን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስልኩም ይቋረጣል። ኃይል በሚቆራረጥበት ስፍራ ለሳጥኑም ለማሽኑም የኃይል ማቆያ ባትሪ ማሰናዳት ያስፈልጋል።

ሲም ካርድ የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ

ሽቦ ባልደረሰበት አካባቢ ብዙ ቤተሰብና ድርጅት የሚገለገለው ገመድ አልባ በሆነ የጠረጴዛ ስልክ ነው። መልኩ እንደ መደበኛ ስልክ ቢሆንም ጠባዩ የሞባይል ነው። አንዳንዶቹ የስልክ ገመድ ቀዳዳም አላቸው። ፕሪንተሩ ሲሰካባቸው የመደወያ ድምፅ ይሰማል፤ ይደውላልም። ገጹ ግን አይደርስም።

ምክንያቱ የሞባይል መረብ ድምፅን የሚጨምቅ መሆኑ ነው። የጭመቃው ስልት የተሠራው ለሰው ንግግር ነው፤ ጆሮ የማያጣውን ትቶ ዋናውን ያስቀራል። ለወሬ ይህ ይበቃል። የፋክስ ፉጨት ግን እያንዳንዱ ክፍሉ የገጹ አካል ስለሆነ ሲጨመቅ ጽሑፉ ይጠፋል። የዳጉን ፍሬ ነገር ብቻ ይዞ ዝርዝሩን በመንገድ ላይ እንደጣለ መልእክተኛ ማለት ነው። ስለዚህ ያለው ስልክ ይህ ብቻ ከሆነ ፋክስ ላለው ፕሪንተር ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም።

ሌላም መታረም ያለበት ግምት አለ። ፕሪንተሩ ዋይፋይ አለው ማለት ፋክሱ በዋይፋይ ይሄዳል ማለት አይደለም። ዋይፋዩ ከኮምፒውተር ወይም ከሞባይል የሚመጣውን ለማተም ነው። ፋክሱ የስልክ ገመድ ይፈልጋል።

መስመሩ ከታወቀ በኋላ የሚስተካከሉ

አንድ ቁጥር ለንግግርም ለፋክስም የሚያገለግል ከሆነ ማሽኑ ስንት ጊዜ ጠርቶ እንደሚያነሣ መወሰን ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጥሪ የሚያነሣ ከሆነ ለንግግር የደወለ ዘመድ ፉጨት ብቻ ይሰማል። አራት ወይም አምስት ጊዜ እንዲጠራ ማድረግ ለሰው ዕድል ይሰጣል። የመደወያ ድምፅ እየተሰማ ‹‹መስመር የለም›› የሚል ማሽን ካጋጠመ ከመደወሉ በፊት ድምፁን እንዲፈትሽ የሚያዘውን ምርጫ ማጥፋት ይቻላል። ከሌላ አካባቢ ለሚልኩ ሰዎች ቁጥሩ ሲሰጥ የዱብቲና የሰመራ መለያ የሆነው 033 መዘንጋት የለበትም።

ሰዓቱና ቀኑም ቀላል ነገር አይደሉም። ማሽኑ በገጹ አናት ላይ የሚያትመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከቀኑ 9:40 የተላከ ገጽ 15:40 ተብሎ ይወጣል። ሰዓቱ በስሕተት ከተሞላ በጊዜው የተላከ ሰነድ የዘገየ ሊመስል ይችላል። ከላኩ በኋላ ማሽኑ የሚያወጣውን የማረጋገጫ ገጽ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎም ደውሎ ገጹ በሰው እጅ መግባቱን መጠየቅ ይገባል። የማረጋገጫ ገጹ የሚመሰክረው ማሽኑ መቀበሉን እንጂ ሰው ማንበቡን አይደለም።

የዱብቲ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። በጥቅልል የሚሠራ ሙቀት ሰጭ ወረቀት የሚጠቀሙ አሮጌ ማሽኖች የሚያትሙት በሙቀት ስለሆነ፣ ወረቀቱ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ሲቀመጥ ይጠቁራል፤ የታተመውም ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል። እንዲህ ባለ ወረቀት የመጣ ውል ወይም ደረሰኝ በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ መደረግ አለበት። ማሽኑ ከአቧራ እንዲጠበቅ መሸፈን፣ መብረቅ ሲኖር ደግሞ የመብራቱንም የስልኩንም ገመድ መንቀል ያስፈልጋል። መብረቅ በሁለቱም ይገባልና።

ፋክስ የግድ ነው ወይ?

ብዙ ሰነድ ዛሬ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይላካል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት በኢሜይል የሚቀበል ከሆነ በሞባይል የተነሣ ጥርት ያለ ሰነድ ይበቃል። የጨረታው ማስታወቂያ ‹‹በፋክስ›› ብቻ ካለ ግን መንገዱን የሚወስነው ጨረታውን ያወጣው ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል።

ከውጭ አገር በሚሸጡ የኢንተርኔት ፋክስ አገልግሎቶች ረገድ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ወይም የፋክስ አገልግሎት መስጠትን የሚመለከት የወንጀል ድንጋጌ ይዟል። እንዲህ ያለ አገልግሎት ከመግዛት በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ከስሕተት ያድናል።

ማሽኑን ሊገዛ የተነሣ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመልከት። ወደ ቤቱ የገባው የመዳብ ሽቦ፣ ፋይበር ወይስ ሲም ካርድ ያለው ስልክ ነው? ሰነዱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ፋክስ ይፈልጋል ወይስ ኢሜይል ይበቃዋል? ማሽኑስ ከሱቁ ሳይወጣ በስልክ መስመር ላይ አንድ ገጽ ልኮ፣ አንድ ገጽ ተቀብሎ ሊታይ ይችላል? የመጨረሻው ሙከራ በራስ መስመር ላይ መደገም አለበት፤ ይህም ከጨረታው መዝጊያ ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ይሁን። መስመሩ ታማኝ መልእክተኛ መሆኑ የሚታወቀው ሰነዱ ሳይቸኩል በተሞከረ ጊዜ ነው።