ልጅ ጎጆ ሲወጣ መሬቱ የማን ነው?

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር በነቀምቴ ዙሪያ የቤት ሥራ ወቅት ይጀምራል። ከቡርቃ ጃቶ ተነስቶ ወደ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ቀበሌዎች የሚወጣ ሰው በየመንገዱ ዳር የተከመረ ባሕር ዛፍ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሚብላላ ጭቃ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ ግድግዳው ገና ያልተመረገ ቤት ያያል። አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ቤት የሚቆመው ከአሮጌው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በአባትና በእናት ይዞታ ላይ ነው።

ልጅ ትዳር ሲይዝ ከወላጆቹ ደጅ አጠገብ ጎጆ መውጣቱ በወለጋ የቆየ ልማድ ነው። በሬው በጋራ ይጠመዳል፤ ወላጅ ሲታመም የሚደርስለት ቅርብ ይሆናል፤ ጎረቤትም በደቦ ወጥቶ ቋሚ ይተክላል፣ ጭቃ ይለጥፋል። ለቦታው የሚከፈል ገንዘብም የለም። ይሁን እንጂ በነፃ የተገኘ የሚመስለው ቦታ ሳይታሰብ ብዙ ያስከፍላል።

መጀመሪያ የሚጎዳው አፈሩ ነው። በአርሶ አደር ይዞታ ውስጥ ከሁሉ የለማው መሬት ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። የከብቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድና የቤቱ ጥራጊ ለዓመታት የሚደፋው እዚያ ነው። ቡናው፣ ጎመኑ፣ የእሸት በቆሎውና የፍራፍሬ ዛፉ የሚገኙትም በዚሁ ስፍራ ነው። በወለጋ አርሶ አደሮች የከብት በረታቸውን በየጊዜው ከቦታ ቦታ እያዛወሩ መሬት የሚያዳብሩበት ልምድም አላቸው። እንዲህ ሲዳብር የኖረ መሬት ላይ ቤት መሥራት ማለት የብዙ ዓመት ድካም ከወለል በታች መቅበር ነው። ቤት የለማ አፈር አይፈልግም፤ የሚፈልገው ውኃ የማይተኛበት ጠንካራ መሬት ነው። ስለዚህ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ መጠየቅ ያለበት መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው። በይዞታው ላይ ድንጋያማ ወይም ወደ መንገድ የቀረበ፣ ለእርሻ እምብዛም የማይመች ጥግ ካለ ቤቱ ወደዚያ ቢገፋ ጓሮው ለሁለቱም ቤተሰብ ይተርፋል። ከእናት ደጅ ሃምሳ እርምጃ መራቅ ዝምድናን አያጎድልም።

የአካባቢው ሌላ ፈተና ምስጥ ነው። በተለይ በምዕራብ ወለጋ በመንዲና በነጆ አካባቢ ምስጥ ሰብልና ግጦሽ ብቻ ሳይሆን የቤት እንጨትም እንደሚበላ የታወቀ ነው። በአፈር ውስጥ በቀጥታ የተተከለ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቋሚ የምስጥና የብስባሴ ሲሳይ ይሆናል። እንጨቱ ተልጦ በደንብ ቢደርቅ፣ የቤቱ መሠረት በድንጋይ ከፍ ቢል፣ የጣራው ክፈፍ ወጣ ብሎ ዝናቡን ከግድግዳው ቢያርቅ ቤቱ ዕድሜ ያገኛል። ጥድና ወይራ በቀላሉ አይደፈሩም፤ ግን ዛሬ እንደ ልብ አይገኙም። ኩይሳ ካለ ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣት ያግዛል፤ የጎረቤት ኩይሳ ካልተነካ ግን የአንድ ቤተሰብ ጥረት ብቻውን ብዙ አይራመድም።

ከምስጡ ይልቅ ቤተሰብ የሚያፈርሰው ግን የወረቀቱ ጉዳይ ነው። አባት «ከዚህ እስከዚያ ያንተ ነው» ብሎ በጣቱ ያሳያል፤ ልጅም ያጠራቀመውን ሁሉ ቆርቆሮና ሚስማር ላይ ያፈሳል። የይዞታ ደብተሩ ግን አሁንም በወላጆቹ ስም ነው። አባት ሲያርፍ ወንድምና እኅት ድርሻቸውን ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም መብታቸው ነው፤ ሴት ልጅም እኩል ወራሽ ናት። ያኔ የጣቱ ምልክት ምስክር የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ሥርዓት ተከትሎ ካልተደረገ ዋጋ እንደማይኖረው ይደነግጋል። የገጠር መሬት ደግሞ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አርሶ አደሩ የሚያስተላልፈው የመጠቀም መብቱን ነው። ይህም በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ የአባት ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ እናትም መስማማትና መፈረም አለባት።

መሬቱን መሸንሸንም ወሰን አለው። የኦሮሚያ የገጠር መሬት አጠቃቀምና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 130/1999 ለዓመታዊ ሰብል ግማሽ ሄክታር፣ ለቋሚ ተክል ሩብ ሄክታር ዝቅተኛ የይዞታ መጠን አድርጎ አስቀምጦ ነበር። አንድ ሄክታር ያለው አባት ለሦስት ልጆች እኩል ላካፍል ቢል ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ከግማሽ ሄክታር በታች ነው። እንዲህ ባለ ቤተሰብ እርሻው ሳይከፈል በጋራ እንዲታረስ አድርጎ የቤቱን ቦታ ብቻ በስምምነት ለይቶ መጻፉ የተሻለ መውጫ ሊሆን ይችላል።

በከተማው ጠርዝ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለበት፤ ይዞታው የሚተዳደረው በየትኛው ሕግ ነው? ነቀምቴ በ1987ቱ ቆጠራ 47,258 ሕዝብ ነበራት፤ በ1999ኙ ቁጥሩ 75,219 ደርሷል። ከተማ ሲሰፋ ትናንት እርሻ የነበረው ነገ በከተማ ፕላን ውስጥ ይገባል። በከተማ ክልል ውስጥ ደግሞ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 አለ፤ ለመሥራትም የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል። መሬቱ ለልማት ሲፈለግ ካሳ የሚሰላው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በአባቱ ይዞታ ላይ ያለ ፈቃድና ያለ ሰነድ የሠራ ልጅ ገማቹ ሲመጣ ባለቤትነቱን የሚያሳይበት ነገር አያገኝም። አባትና ልጅ በካሳ የሚካሰሱበት በር የሚከፈተውም እዚህ ላይ ነው።

የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። ቤቱ ካለቀ በኋላ «ሕገ ወጥ ግንባታ» ብሎ አፍርስ ማለት ለጽሕፈት ቤቱ ቀላል ነው፤ ለቤተሰቡ ግን የዓመታት ጥሪት ነው የሚፈርሰው። የደቦው ጥሪ በሰፈሩ ሲነገር የቀበሌው አስተዳደርም ይሰማል። ባለሙያው ያኔውኑ ሄዶ ወሰኑን ቢለካ፣ ይዞታው ከከተማው ፕላን ውስጥ መሆን አለመሆኑን ቢናገር፣ ስምምነቱም በሽማግሌዎች ፊት ተጽፎ ቢመዘገብ ከአንድ ቀን ብዙም የማያልፍ ሥራ ነው። ወላጆች የይዞታ ደብተሩን ከሣጥን አውጥተው፣ ሌሎቹን ልጆቻቸውንም ጠርተው ቢቆዩት ይበልጥ ያጥራል። ይህ ሁሉ ግን ከሚያዝያ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ዝናቡ ከገባ ያልደረቀ ምርግ ይታጠባል።