ተዋናይ ያልሆኑትን ያስተወነ ተዋናይ

ሲኒማ ቤት ስንገባ ዓይናችን የሚያርፈው በተዋናዩ ላይ ነው፤ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ የሚያሠራውን ሰው ማንነት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የምናነሣው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ግን ከካሜራው ፊትም ከጀርባውም የሠራ ሰው ነው።

ዴ ሲካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ሶራ በምትባል ከተማ ተወለደ። (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሥራውን በቲያትር መድረክ ጀምሮ፣ በ1932 በማሪዮ ካሜሪኒ ፊልም ላይ ከተወነና ከዘፈነ በኋላ ስሙ በጣሊያን ናኘ። መልከ መልካም፣ ሳቂታ፣ እንዲያው የተመልካች ሁሉ ዓይን ማረፊያ ሆነ። በ1940 ደግሞ ፊልም ማዘጋጀት ጀመረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያን ውስጥ ድህነትና ሥራ አጥነት በርትቶ ነበር። አንዳንድ ፊልም ሠሪዎች ከስቱዲዮ ወጥተው መንገድ ላይ የተራውን ሰው ኑሮ ማንሣት ያዙ። ይህ አሠራር ኒዮሪያሊዝም ተባለ፤ አዲስ እውነታዊነት እንደ ማለት ነው። ዴ ሲካም ከደራሲው ከቼዛሬ ዛቫቲኒ ጋር በ1946 የሊስትሮ ልጆችን ታሪክ፣ በ1948 ደግሞ «የብስክሌት ሌቦች»ን ሠራ። በዚህ ፊልም ሥራ አጥ የነበረ አባት ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቅበታል። ከትንሽ ልጁ ጋር ሮማን ሲያስስ ይውላል።

ታዲያ አባቱን ማን ቢሠራው ጥሩ ነው? ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ! በ1952 በወጣው «ኡምቤርቶ ዲ» ደግሞ ጡረተኛውን ሽማግሌ የሠሩት የቋንቋ ጥናት ፕሮፌሰሩ ካርሎ ባቲስቲ ናቸው። ሁለቱም ከዚያ በፊት ተዋናይ አልነበሩም። እንዴት ተቻለ? ዴ ሲካ ራሱ ተዋናይ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴውን ሁሉ አስቀድሞ ሠርቶ ያሳያቸው ነበር። ይህማ የኛው ሙያ አይደለም እንዴ!

«ኡምቤርቶ ዲ» ገበያ አልቀናውም። የመንግሥት ባለሥልጣን የነበሩት ጁሊዮ አንድሬዮቲም የሀገር ስም ያጠፋል ሲሉ በጽሑፍ ነቀፉት። ዴ ሲካ ግን በሌሎች ፊልሞች እየተወነ ገንዘብ ያገኝ፣ ማዘጋጀቱንም ይቀጥል ነበር። እሱ ባዘጋጀው በ1960ው «ላ ቾቻራ» ሶፊያ ሎሬን የኦስካር ሽልማት አገኘች። የራሱም አራት ፊልሞች ኦስካር ተሸልመዋል። በ1974 ፓሪስ አጠገብ አረፈ።

ማጆራኒስ? ፊልሙ ዓለምን ሲዞር እሱ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፤ ኋላም ከሥራ ተቀነሰ። አልፎ አልፎ ትንንሽ የፊልም ድርሻ ቢያገኝም እንደ መጀመሪያው አልሆነለትም። በፊልሙ ሥራ የሚፈልገውን ሰው ሆኖ የታየው፣ በኑሮውም ሥራ ፈላጊ ሆነ።

እንግዲህ ሠርቶ በማሳየት ያልታወቀ ችሎታን ማውጣት ትልቅ ነገር ነው። ግን ያወጣነውን ሰው ከዚያ በኋላ እስከ የት እንከተለዋለን? ነገ ክፍል ውስጥ የምንቆም ሁሉ እስቲ እንወያይበት።